ኮንክሪት እንዴት ይቀደዳል? ለኮምፒውተሩስ ምን እንንገረው?

(ወጣት መሐንዲሶች፣ ተማሪዎችና የግንባታ ባለሙያዎች በተሰበሰቡበት የተደረገ ንግግር፤ እንደተነገረ የቀረበ)

የተከበራችሁ መምህራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ከሥራ ቦታ በቀጥታ መጥታችሁ ጫማችሁ ላይ ገና ሲሚንቶ ያለባችሁ ፎርማኖችና ግንበኞች፤ እንደምን አረፈዳችሁ! የቅዳሜ ጠዋት ለሥራ ሰው ምን ያህል ውድ እንደሆነ አውቃለሁና ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

የምናገረው ስለ ስንጥቅ ነው። እስኪ እጃችሁን አንሡ፤ በሠራው ቤት ወይም በሚኖርበት ቤት ስንጥቅ አይቶ የማያውቅ ሰው አለ? አንድም እጅ አላየሁም። እንግዲህ ሁላችንም የምናውቀው ጉዳይ ነው ማለት ነው። ግን እናውቀዋለን? ስንጥቁ ለምን እዚያ ጀመረ? ለምን እዚህ ቆመ? ነገ ይቀጥላል ወይስ በዚያው ይቀራል? ይህን የሚመልስልን ኮምፒውተር ነው ብለን ጠረጴዛው ላይ የምናስቀምጠው ቀለም ያለው ሥዕልስ፣ በምን ላይ የቆመ ነው?

ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው፣ ኮንክሪት ሲሰበር በውስጡ የሚሆነው ነገር። ሁለተኛው፣ ይህንን ለኮምፒውተር ስናስረዳ የሰው ልጅ የት ላይ እንደተሳሳተና እንዴት እንደታረመ። ሦስተኛው የእኛው የቤት ሥራ ነው። ዓመተ ምሕረት ስጠራ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ልናገር።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላልና፣ ከሥሩ ልጀምር።

ልጅ ሳለሁ እናቴ ገበያ ስትወጣ እከተላት ነበር። አቡጀዲ ልትገዛ ጨርቅ ሻጩ ጋ ስንደርስ ዓይኔን ከእጁ ላይ አልነቅልም። ሰውዬው ጣቃውን ይዘረጋል፣ በክንዱ ይለካል፣ ከዚያ የጨርቁን ጫፍ በመቀስ ትንሽ ይነካል። የጥፍር ያህል ብቻ። መቀሱን ያስቀምጥና በሁለት እጁ ይዞ ሲስበው፣ ትርርር! ጨርቁ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ ይቀደዳል። ያንኑ ጨርቅ መቀስ ሳይነካው ሁለት ጎልማሶች ቢጎትቱት ይበጠስ ነበር? አይበጠስም። ታዲያ የጥፍር ያህሏ ቅዳጅ ምን ጨመረች? ጨርቁ ያው ጨርቅ ነው፣ እጁም ያው እጅ ነው።

ይህን ጥያቄ በሳይንስ ቋንቋ የመለሰው ግሪፊዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው፤ ጽሑፉም በ1921 ታተመ። እርሱ የመረመረው መስታወትን ነበር። መስታወት በስሌት ሊኖረው ከሚገባው ጥንካሬ እጅግ ባነሰ ኃይል ይሰበራል። ምክንያቱ በላዩ ያሉ ጥቃቅን ጭረቶች ናቸው አለ ግሪፊዝ። ከዚያ አንድ ታላቅ ሐሳብ አመጣ። ስንጥቅ ለማደግ ጉልበት ይከፍላል፤ አዲስ ገጽ መክፈት ዋጋ አለውና። ያ ጉልበት ከየት ይመጣል? ተወጥሮ ከቆየው ዕቃ ውስጥ ይለቀቃል። የሚለቀቀው ጉልበት ለሚከፈለው ዋጋ ከበቃ ስንጥቁ ይሄዳል፤ ካልበቃ ይቆማል። እንደ ገበያ ሒሳብ ነው። እባካችሁ ይህቺን ሒሳብ ያዙልኝ፤ ዛሬ ደጋግሜ እመለስባታለሁ።

በ1961 ካፕላን የተባለ ተመራማሪ ይህንኑ የመስታወት ሒሳብ ወደ ኮንክሪት ወሰደው። ደፋር እርምጃ ነበር፤ መንገዱንም ከፍቷል። ነገር ግን ኮንክሪት መስታወት አይደለም። ለምን?

ጭቃ ቤት ሲሠራ ያያችሁ ታውቃላችሁ። አባቴ ቤታችንን ሲያስመርግ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ፣ ተቦክቶ፣ ቀናት አድሮ ነው ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው። ምርጉ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ መሰንጠቁ አይቀርም። ግን ጠጋ ብላችሁ ስንጥቁን ተመልከቱ። ከወዲህ ጠርዝ ወደ ወዲያ ጠርዝ የተዘረጉ ጭዶች ታያላችሁ። ስንጥቁ ተከፍቷል፤ ግድግዳው ግን ገና አልተለያየም። ጭዱ ይዞታል። ጭድ የሌለበትን ጭቃ ለጥፋችሁ እዩ፤ ቅርፊት ቅርፊት ሆኖ ይረግፋል።

በኮንክሪት ውስጥ የጭዱን ሥራ የሚሠራው ጠጠሩ ነው። ስንጥቁ ሲመጣ ጠጠሩን ይዞራል፣ ይጠማዘዛል፣ ቅርንጫፍ ያወጣል። ሁለቱ ፊቶች እንደ መጋዝ ጥርስ ተናክሰው ይቆያሉ። በዓይን የሚታየው ስንጥቅ ካለቀበት ፊት ለፊት፣ ገና ያልተቆረጠ ነገር ግን ጤነኛም ያልሆነ ቀጠና አለ። በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ስንጥቆች የተጨናነቁበት ቀጠና ነው። በመስታወት ውስጥ ይህ ቀጠና ከቁጥር አይገባም። በኮንክሪት ውስጥ ግን በበርካታ አሥር ሴንቲ ሜትሮች ሊለካ ይችላል። በ15 ሴንቲ ሜትር የሙከራ ኪዩብ ውስጥ የማይገባ ነገር ማለት ነው!

በ1976 በስዊድን አገር፣ በሉንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ሂለርቦርግና ሁለት ባልደረቦቹ ይህን ቀጠና በአንድ ቀላል ሥዕል አስቀመጡት። ቀጠናው እንዳለ አንድ መስመር ነው እንበል አሉ፤ ምናባዊ ስንጥቅ። በዚያ መስመር ላይ ኮንክሪቱ መጀመሪያ በሙሉ አቅሙ ይይዛል። ከዚያ እየተከፈተ ሲሄድ መያዣው እየላላ፣ እየላላ፣ እየላላ ይሄድና በመጨረሻ ዜሮ ይሆናል። በወረቀት ላይ ሣሉት፤ በአግድም የስንጥቁ ስፋት፣ በቁም የሚይዝበት ኃይል። ከኩርባው ሥር ያለው ስፋት የስብራት ጉልበት ይባላል፤ አንድ ካሬ ሜትር ስንጥቅ ለመክፈት የሚከፈለው ዋጋ ነው።

ይህ ዋጋ ስንት ይመስላችኋል? ለተለመደው ኮንክሪት ወደ 100 ጁል በካሬ ሜትር አካባቢ ነው። እንደ ጠጠሩና እንደ ድብልቁ ከፍም ዝቅም ይላል። ቁጥሩ እንዲገባችሁ ላስረዳ። አሥር ኪሎ ጤፍ ከመሬት አንሥታችሁ ወገባችሁ ድረስ፣ አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉ። ያወጣችሁት ጉልበት 100 ጁል ገደማ ነው። አንድ ካሬ ሜትር ኮንክሪት ለሁለት ለመክፈል የሚበቃ ጉልበት! እኔ ይህን ስሌት ለመጀመሪያ ጊዜ ስሠራ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ሦስት ጊዜ ደገምኩት።

ሌላም ቁጥር ልጨምር። ኮንክሪት ሲጫኑት ብርቱ ነው፤ ሲጎትቱት ግን ከዚያ ብርታቱ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው ያለው። አንድ ሜትር ኮንክሪት አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሳብ ይሰነጠቃል። የአንድ ወረቀት ውፍረት ነው! ታዲያ ሕንፃዎቻችን እንዴት ቆሙ? አንደኛ፣ ፌሮው አለ። ሁለተኛ፣ ስንጥቁ ያንን የጉልበት ሒሳብ መክፈል ሲያቅተው ይቆማል። በየቤታችን ያለው አብዛኛው ስንጥቅ የቆመ ስንጥቅ ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ መቼ ይቆማል፣ መቼ ይሄዳል የሚለው ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ሰፊ ነውና ታገሡኝ።

ኮምፒውተር ሕንፃን እንዳለ አያይም። እኛ ሕንፃውን በመረብ ቆራርጠን በትንንሽ ክፍልፋዮች እናቀርብለታለን፤ ፋይናይት ኤለመንት የምንለው ዘዴ ነው። እያንዳንዷ ክፍል ለጎረቤቷ ኃይል ታቀብላለች። ዘዴው ያልተቋረጠ ነገር ላይ ድንቅ ነው። ስንጥቅ ግን መቋረጥ ነው። ያልተቋረጠን ነገር ለማስላት የተፈጠረ ዘዴ መቋረጥን እንዴት ያስላ? ችግሩ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል።

በ1967 በካሊፎርኒያ፣ በበርክሌይ፣ ንጎና ስኮርዴሊስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የአርማታ አግዳሚ ምሰሶን (ቢም የምንለውን) በኮምፒውተር ሲያሰሉ ስንጥቁን በክፍልፋዮች መካከል ክፍተት አድርገው አስገቡት። እውነተኛ ክፍተት ነው፤ ግን የት እንደሚሆን አስቀድሞ የሚወስነው ሰው ነው። በማግስቱ ዓመት፣ በ1968፣ ራሺድ የተባለ ተመራማሪ ሌላ መንገድ አመጣ። ክፍተት አልከፍትም፤ ስንጥቁን በክፍልፋዩ ሁሉ ላይ ልቀባውና ያቺ ክፍል በዚያ አቅጣጫ ትድከም አለ። ይህኛው ለኮምፒውተር ምቹ ነበር፤ ስንጥቁ ራሱ መንገዱን መምረጥ ቻለ። ዛሬ አብዛኞቻችን የምንጠቀምባቸው ፕሮግራሞች የዚህ ሐሳብ ልጆች ናቸው።

ግን ወጥመድ ነበረበት። ወጥመዱን በገዛ እጄ ስለያዝኩት ልንገራችሁ።

ተማሪ ሳለሁ አንድ ጥርስ የወጣለት ምሰሶ እንዳሰላ ተሰጠኝ፤ ከሥሩ መሐል ላይ በመጋዝ የተቆረጠ፣ ከላይ የሚጫን። ኮንክሪቱ ከተሰነጠቀ በኋላ እንዴት እንደሚላላ አስገባሁ፣ መረቡን ዘረጋሁ፣ ኮምፒውተሩ ሠራ። ስንጥቁ ከጥርሱ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲወጣ በቀይ ቀለም ታየኝ። ደስ አለኝ። ወረቀቱን ይዤ ወደ መምህሬ ሄድኩ። መምህሬ ሥዕሉን አዩትና፣ “ጥሩ ነው፤ በል መረቡን በግማሽ አጥብበህ ተመለስ” አሉኝ። ተመለስኩ። ምሰሶው አሁን ባነሰ ጭነት ተሰበረ። “እንደገና አጥብብ” አሉኝ። እንደገና ባነሰ ጭነት ተሰበረ። ሌሊቱን ሁሉ አጠበብኩ፤ መረቡ በጠበበ ቁጥር ምሰሶው ደከመ። ጠዋት ስገባ ምንም አላልኩም፤ ወረቀቶቹን ደርድሬ ሰጠኋቸው። “መረቡን እስከ መጨረሻው ብታጠብበው ምሰሶህ በስንት ይሰበራል?” አሉኝ። መልሱ አስፈሪ ነበር። በዜሮ! በነፃ!

ምን ሆኖ ነው? ወደ ገበያዋ ሒሳብ እንመለስ። መላላቱን የሰጠሁት ለይዘት ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይህን ያህል ጉልበት ብዬ። ስንጥቁ ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ ረድፍ ክፍልፋዮች ውስጥ ይሰበሰባል። ረድፉ ሲቀጥን ይዘቱ ያንሳል፤ ይዘቱ ሲያንስ የሚከፈለው ጉልበት ያንሳል። ስለዚህ የመሰንጠቅን ዋጋ የሚወስነው ኮንክሪቱ መሆኑ ቀርቶ የእኔ መረብ ሆነ። አስቡት እንግዲህ፤ የምሰሶ ጥንካሬ እኔ በኮምፒውተሩ መዳፊት በጎተትኩት መስመር ብዛት የሚወሰን ከሆነ፣ ያ ስሌት ነው?

ይህን በሽታ ቀድመው ካወቁት አንዱ ባዣንት ናቸው፤ በፕራግ ተወልደው በአሜሪካ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ ታላቅ ሰው። በ1983 ኦ ከተባሉ ተመራማሪ ጋር ያሳተሙት መድኃኒት ለመናገር ቀላል ነው። ስንጥቁን ስፋት ባለው መቀነት አስቡት፤ የክፍልፋያችሁ ስፋት በተለወጠ ቁጥር የመላላቱን ኩርባ አብራችሁ ለውጡ፤ አንድ ካሬ ሜትር ስንጥቅ የሚከፍለው ጉልበት ምንጊዜም ያው ይሁን። አለቀ። መምህሬ ይህን ካሳዩኝ በኋላ መረቡን ባጠበው፣ ባሰፋው፣ ምሰሶዬ በአንድ ጭነት ተሰበረ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘዴዎች መጥተዋል፤ ጊዜ ስለማይበቃን አልፋቸዋለሁ። ኮንክሪቱን እንደ ዘንጎች መረብ አድርጎ ዘንግ በዘንግ የሚሰብር አለ። በ1999 የመጣው ደግሞ መረቡን ሳይነካ ስንጥቁ በክፍልፋዩ መሐል እንዲያልፍ ያደርጋል። በ1998 ፍራንክፎርና ማሪጎ የተባሉ ተመራማሪዎች ካመጡት ሐሳብ የተወለደው ዘዴ የግሪፊዝን የጉልበት ሒሳብ በቀጥታ ወስዶ ስንጥቁን እንደ ጥላ ያሰራጨዋል። ሁሉም ያማሩ ናቸው። ሁሉም ግን አንድ ነገር ይጠይቋችኋል፦ የስብራት ጉልበቱ ስንት ነው? ይህን ያልጠየቃችሁ ፕሮግራም ካለ ተጠራጠሩት። ጠይቋችሁ ምንም ሳታስቡ ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን ቁጥር ከተቀበላችሁ ደግሞ ራሳችሁን ተጠራጠሩ።

መረብን ካነሣን ዘንድ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ፤ ሳልነግራችሁ ከዚህ መድረክ አልወርድም።

ኖርዌይ ነው። ስላይፕነር ኤ የተባለ የጋዝ ማውጫ መድረክ በባሕር ላይ ሊቆም ነበር። መሠረቱ ከኮንክሪት የተሠራ፣ 24 ትልልቅ ክፍሎች ያሉት ግዙፍ ነገር ነው። ነሐሴ 23 ቀን 1991 በስታቫንገር አጠገብ፣ ጋንድስፊዮርድ በተባለው ጥልቅ ውኃ ውስጥ፣ ለቀጣዩ ሥራ ለመዘጋጀት ቀስ እያሉ ያሰጥሙት ነበር። በውስጡ ግድግዳዎቹ የሚገናኙበት ሦስት ማዕዘን ክፍተት አለ፤ ውኃ የሚገባበት። የውኃው ከፍታ ወደ 65 ሜትር ሲደርስ ከእነዚህ ግድግዳዎች አንዱ ተሰነጠቀ። 65 ሜትር ውኃ ምን ማለት ነው? በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 65 ቶን ማለት ነው። ውኃው ገባ፤ ፓምፖቹ አልቻሉትም። መሠረቱ እንዳለ ሰጠመ፤ 220 ሜትር ጥልቀት ካለው ወለል ጋር ሲላተም የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያዎች በሬክተር ስኬል 3 የሚሆን መናወጥ መዘገቡ። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልሞተም። ጠቅላላ ኪሳራው ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል።

ምን ተገኘ? በስሌቱ ላይ የዋለው መረብ በዚያ ማዕዘን ላይ ሰፊና የተጣመመ ነበር። በግድግዳው ላይ የሚያርፈውን የመቁረጥ ኃይል ኮምፒውተሩ ከሚገባው 47 በመቶ አሳንሶ አወጣው። ግድግዳው በዚያ ስሌት ቀጠነ። በመገጣጠሚያው የገባው ብረትም ርዝመቱና አያያዙ በቂ አልነበረም፤ በዚያ ቦታ ስታፋ፣ ማለትም ዋናውን ብረት የሚያቅፈው ቀለበት ብረት፣ አልነበረም። አስተውሉልኝ፣ እኔ የተሳሳትኩት መረቡን ሳጠብብ ነው፤ እነርሱ የተሳሳቱት መረቡ ሰፍቶባቸው ነው። ሁለት ተቃራኒ ስሕተት፣ አንድ ሥር። ሁላችንም ሥዕሉን ተቀበልን እንጂ መረቡን አልጠየቅንም።

ልቤን የሚነካው የታሪኩ ቀሪ ክፍል ነው። ከአደጋው በኋላ በጥንቃቄ እንደገና ሲሰላ፣ ግድግዳው በ62 ሜትር ውኃ ሊሰበር እንደሚችል ወጣ። የተሰበረው በ65 ነው። ሦስት ሜትር ብቻ! ኮምፒውተሩ ያውቅ ነበር፤ በትክክል አልተጠየቀም።

ሌላው ከግድብ ነው። በሕንድ፣ በማሃራሽትራ ግዛት፣ ኮይና የተባለ 103 ሜትር ከፍታ ያለው የኮንክሪት ግድብ አለ። ታኅሣሥ 11 ቀን 1967 በሬክተር ስኬል ከ6 በላይ የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ በአካባቢው ደረሰ፤ ብዙ ሰዎችም አለቁ። ግድቡ አልፈረሰም። ግን የኋላ ፊቱ ተዳፋቱን በሚለውጥበት ከፍታ ላይ፣ እንደ ሰው አንገት በሉት፣ አግድም ተሰነጠቀ። ከዚያ ወዲህ አዲስ የስንጥቅ ስሌት ዘዴ የሚያወጡ ተመራማሪዎች ኮይናን እንደ ፈተና ይወስዱታል። ስንጥቁን አንገቱ ላይ ካላገኘው ዘዴው ወደቀ። ሰውን ያሳዘነው ቀን ለሳይንስ የማይጠገብ መምህር ሆነ። ለምን ሆነ ብትሉኝ፣ ስንጥቁ የት እንደነበረ የለካ፣ የመዘገበ፣ ለዓለም የሰጠ ሰው ስለነበረ ነው።

ግድብን ካነሣሁ ስለ መጠን ሳልናገር አላልፍም። ሁለት ምሰሶ ውሰዱ፤ መልካቸው አንድ፣ ድብልቃቸው አንድ፣ አንዱ ግን በሁሉም አቅጣጫ አሥር እጥፍ የሚተልቅ። በካሬ ሜትር ሲሰላ እኩል ውጥረት ላይ ይሰበራሉ? የድሮው የጥንካሬ ትምህርት አዎን ይላል። እውነቱ ግን ትልቁ ባነሰ ውጥረት ይሰበራል። ሒሳቧን አስታውሱ፤ ስንጥቁ የሚከፍለው ዋጋ በስንጥቁ ገጽ ስፋት ይወሰናል፤ የሚለቀቀው ጉልበት ግን በዙሪያው በተወጠረው ይዘት ነው። ዕቃው ሲተልቅ ገቢው ከወጪው ፈጥኖ ያድጋል። ባዣንት ይህን በ1984 በሕግ አስቀመጡት። ስለዚህ ከቤተ ሙከራ ወደ ግድብ የምንሻገርበት ድልድይ ይህ ሕግና ይህን ሕግ የሚያውቅ ስሌት ብቻ ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ተከዜ ላይ 188 ሜትር የሚደርስ ቅስት ግድብ አቁመናል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017፣ ይህን በእኛው አቆጣጠር ልበለው፣ ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ተመረቀ፤ 145 ሜትር ከፍታ፣ ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ የተጠቀጠቀ ኮንክሪት። ይህን ያህል ኮንክሪት ባንድ ላይ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ጠላት ሙቀት ነው። ሲሚንቶ ከውኃ ጋር ሲዋሐድ ይሞቃል። ውስጡ ይሞቃል፣ ላዩ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘው መሰብሰብ ይፈልጋል፣ ውስጡ አይለቀውም። ስሌቱን በቃል ላሳያችሁ። ኮንክሪት 10 ዲግሪ ብቻ ቢቀዘቅዝና ከመሰብሰብ ሙሉ በሙሉ ቢከለከል፣ ወደ 3 ሜጋ ፓስካል የሚደርስ የመጎተት ውጥረት ይፈጠራል። ሲ-25 የምንለው የተለመደው የጥንካሬ ደረጃ ኮንክሪት ከዚያ በታች ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው እንዲህ ያለ ግድብ ሲሚንቶው ተቀንሶ፣ በቀጫጭን ንብርብር ተዘርግቶ፣ በሮለር እየተጠቀጠቀ የሚሠራው። እናንተም ሶሌታ ሞልታችሁ በማግስቱ ውኃ የምታጠጡ፣ በእርጥብ ጆንያ የምትሸፍኑ ሰዎች፣ ከስንጥቅ ጋር እየተዋጋችሁ ነውና ሥራችሁን አትናቁት።

እንግዲህ ሦስተኛው። የቤት ሥራችን።

ከዓመታት በፊት አንዲት እናት ቤታቸው ጠሩኝ። ከሳሎናቸው በላይ ሶሌታው ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ከማዕዘን ተነሥቶ ወደ መሐል ይመጣል። ስገባ ቡና አፍልተው ነበር፤ ሲቀዱ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። “ልጄ፣ ይወድቅብኛል ወይ? ልጆቹ እዚህ ነው የሚተኙት” አሉኝ። “እማማ፣ ልክቼ ልምጣና እነግርዎታለሁ” አልኳቸው። ቤቱን ለካሁ፣ ቢሮ ገብቼ በኮምፒውተር አሰላሁት። ኮምፒውተሩ በዚያ ማዕዘን ስንጥቅ የለም አለ። ጭነቱን ጨመርኩ፤ ስንጥቅ መጣ፣ ግን በሌላ ቦታ። ስሌቱ አንድ ነገር፣ ጣሪያው ሌላ ነገር ይናገራል። ማንን ልመን?

ተመልሼ ሄድኩና ስንጥቁ ላይ በሦስት ቦታ ጀሶ ለጥፌ ቀን ጻፍኩበት፤ ጫፉንም በእርሳስ ምልክት አደረግኩ። እማማ በየሳምንቱ እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው። እንዴት ያለ ጠባቂ ነበሩ! በደብተር ላይ መዘገቡልኝ። በበጋ ሦስቱም ጀሶ ደህና ነበሩ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታ፣ ማዕዘኑ ላይ ያለው ጀሶ ለሁለት ተከፈለ። ያኔ ገባኝ። ቤቱ የቆመው መረሬ መሬት ላይ ነው፤ ጥቁሩ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሟሽሻል። እኔ ለኮምፒውተሩ መሠረቱ የማይነቃነቅ ነው ብዬ ነግሬው ነበር። መሠረቱን በአንድ ጥግ ትንሽ ከፍ ሳደርገው፣ ስንጥቁ ከማዕዘኑ ተነሥቶ፣ በእርሳስ ምልክት በተደረገበት መንገድ ሄደ። ውኃውን ከቤቱ ጥግ የሚያርቅ ቦይ ተቆፈረ። ሶሌታው እስከ ዛሬ አለ።

ያ ደብተር እስካሁን እኔ ዘንድ ነው። እኔ ከብዙ ስሌቶቼ ይልቅ እርሱን እወድደዋለሁ።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ፎርማኖች፣ ስንጥቅ ስታዩ በልስን ከመሸፈናችሁ በፊት ጫፉን በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ ቀኑን ጻፉ፣ በስልካችሁ ከሜትር ጋር ፎቶ አንሡት። ዘንድሮ የተሸፈነ ስንጥቅ ለከርሞ መሐንዲስ የጠፋ ማስረጃ ነው። ተማሪዎች፣ መረባችሁን ሁለት ጊዜ አጥብባችሁ መልሱ እንደማይለወጥ ሳታዩ ማንኛውንም ሥዕል አታሳዩ፤ ከሥዕሉ ሥርም መረቡን አብራችሁ አቅርቡ። መምህራን፣ እናንተን ደግሞ በአክብሮት አንድ ትልቅ ነገር እጠይቃለሁ።

አብዛኞቻችን ኮንክሪትን የምናውቀው ኪዩብ በመጫን ነው። በ28 ቀን ኪዩቡ ይጫናል፣ ቁጥሩ ይጻፋል፣ ፋይሉ ይዘጋል። ያ ቁጥር የኮንክሪቱን የመጫን ብርታት ይነግረናል፤ ሲቀደድ የሚከፍለውን ጉልበት አይነግረንም። እኛ የምንጠቀመው ባዛልት ጠጠር፣ ከስምጥ ሸለቆ የሚመጣው አሸዋ፣ ፑሚስ (ከእሳተ ገሞራ የሚገኝ ቀላል ድንጋይ) የገባበት ፒ.ፒ.ሲ የሚባለው ሲሚንቶ፣ በስዊድን ከተለካው ድብልቅ ጋር አንድ ነው ማለት እንችላለን? እኔ አልችልም። ታዲያ ለምን የሌላ አገር ጠጠር ቁጥር ወደ እኛ ግድብ ስሌት እናስገባለን?

መለካቱ ከአቅማችን በላይ አይደለም። በ1985 ሪሌም የተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር ያወጣው አሠራር አለ። ከሥሩ መሐል በመጋዝ ጥርስ የወጣለት ምሰሶ፣ በሁለት ድጋፍ ላይ ይቀመጣል፣ ከላይ መሐሉ ቀስ ብሎ ይገፋል። ኃይሉና የጎበጠበት መጠን እስከ መጨረሻው ይመዘገባል። ከኩርባው ሥር ያለውን ስፋት ከጥርሱ በላይ ላለው የተሰበረ ገጽ ታካፍላላችሁ። የምሰሶው የራሱ ክብደት የሠራውን ሥራ መደመር እንዳትረሱ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እርሱን ነው። ከባዱ ነገር አንድ ብቻ ነው፦ ቀስ ማለት። ጭነት እየከመራችሁ ከሄዳችሁ ምሰሶው በድንገት ይበጠስና የመላላቱን ኩርባ ታጡታላችሁ፤ ጭነቱ ምሰሶውን ተከትሎ ይወርዳልና። መግፋት ያለባችሁ በጉብጠቱ መጠን ነው፤ ትንሽ ገፍቶ ማቆም፣ ትንሽ ገፍቶ ማቆም።

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ ከዚህ በላይ በቃል አላደክማችሁም። ከአዳራሹ ውጭ፣ ከዛፉ ሥር፣ ከአንድ ወር በፊት ከተማሪዎች ጋር የሞላነው ምሰሶ አለ። ጥርሱ በመጋዝ ወጥቶለታል። የምንጭነው በአሸዋ ከረጢት ሳይሆን በብረት ማዕቀፍ ውስጥ በክሪክ ነው፤ ለምን እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ። ሁለት ተማሪዎች መለኪያውን ያነብባሉ፣ አንዱ ይጽፋል። ፎርማኖች፣ እባካችሁ እናንተ ከፊት ቁሙ። እናቶቻችን ገበያ ላይ ምጣድ ሲገዙ በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው ሰንጣቃውን ከደህናው እንደሚለዩ፣ እናንተም ጆሮ አላችሁ። ክሪኩን የሚያዞረው ልጅ በየሩብ ዙሩ ያቆማል። ያን ጊዜ ሁላችንም ዝም እንበል፤ ሲጀምር ድምፁ በጣም ትንሽ ነው።